ያረጀ ፌራሪ በእርግጥ ስንት ያስወጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩትን መኪና ለመግዛት ጫፍ ላይ ደርሻለሁ። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1997 የተሠራ ፌራሪ ኤፍ 355 ሲሆን ካምቢዮው ማንዋል ነው፤ እስካሁንም 41 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ተነድቷል። የተጠየቀው ዋጋ ዛሬ ከፋብሪካ ከሚወጣ አዲስ ፌራሪ ዋጋ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሻጩ የሞተሩ ቺንጋ ከተቀየረ ገና 3 ሺህ ኪሎ ሜትር መሄዱን ነግሮኛል፤ የሰጠኝን የጥገና ደረሰኝ ስመለከት ግን ሥራው የተሠራው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። አንዳንድ ወዳጆቼ ከመግዛቱ ይልቅ ማኖሩ እንደሚከብድ ያስጠነቅቁኛል፤ ሌሎቹ ደግሞ ብዙ ያልተነዳ መኪና ብዙ ወጪ የለውም ይሉኛል። በየዓመቱ ምን ያህል ማዘጋጀት እንዳለብኝና ገንዘቡ በምን በምን ላይ እንደሚያልቅ ቢያብራሩልኝ ውለታዎን አልረሳም።
ልቡ የሸፈተ አንባቢ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የሻጩን ቃል ሰምተው ብቻ ሳያልፉ የደረሰኙን ቀን ማየትዎ ከሥራው ግማሹን ጨርሶልዎታል፤ የጥያቄዎ መልስ ያለው በእነዚያ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነውና። 3 ሺህ ኪሎ ሜትር ጥቂት ነው፤ ሰባት ዓመት ግን ብዙ ነው። የእንዲህ ዓይነቱ መኪና ወጪ በአብዛኛው የሚቆጠረው በዓመት እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም፤ ጎማው፣ ቱቦው፣ ግራሱና ፕላስቲኩ መኪናው ቆሞም ያረጃሉ። ከዚህ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት ሌላ እውነት አለ፦ መኪናውን የሚገዙት በአሮጌ መኪና ዋጋ ነው፤ የሚጠግኑት ግን በፌራሪ ዋጋ ነው። ሻጩ ዋጋ ሲቀንስልዎ መለዋወጫ ሻጩም ሆነ ባለሙያው አብረውት አይቀንሱልዎትም።

ከቺንጋው ልጀምር፤ ከፍተኛው ወጪ ያለው እዚያ ነው። የኤፍ 355 ሞተር 3.5 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሲሆን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አምስት፣ በድምሩ 40 ቫልቮች አሉት። ቫልቮቹን የሚከፍቱት ካምሻፍቶች ፒስተኖቹን ከሚያንቀሳቅሰው ክራንክሻፍት ጋር ተናበው እንዲዞሩ የሚያደርገው የጎማ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ቢበጠስ ወይም ጥቂት ጥርስ ቢዘል ቫልቮቹ እንደተከፈቱ ይቀሩና ወደ ላይ የሚመጡት ፒስተኖች ይመቷቸዋል፤ ቫልቭ ይጣመማል፣ ፒስተን ይሰበራል፣ ቴስታታም ይጎዳል። ያን ጊዜ የሚቀርብልዎ ሂሳብ መኪናውን ከገዙበት ዋጋ ጋር የሚወዳደር ሊሆን ይችላል። ሞተሩን የሚያውቁ ባለሙያዎች ኪሎ ሜትሩ የቱንም ያህል ቢያንስ ቺንጋው ከሦስት እስከ አምስት ባለው ዓመት ውስጥ እንዲቀየር አጥብቀው የሚመክሩት ለዚህ ነው። በመሆኑም የእርስዎ መኪና ቺንጋ «ገና አዲስ» ሳይሆን ጊዜው ያለፈበት ነው።

በአንድ ወቅት ለዘጠኝ ዓመታት ያህል በአብዛኛው ቆሞ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ 6 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የተነዳ የፌራሪ 348 ሞተር ስንፈታ ቺንጋውን ተቀብዬ ተመልክቼው ነበር። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጥቁር፣ ንጹሕ፣ ጥርሶቹም ያልተበሉ ስለነበሩ ባለቤቱ በከንቱ ያስወጣነው መስሎት ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ቺንጋውን በሁለት ጣቶቼ መካከል ወደ ኋላ ባጥፈው ከጥርሶቹ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ከዳር እስከ ዳር ተከፈቱ። ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘውን ኩሽኔታ ደግሞ በእጄ ሳሽከረክረው ውስጡ ያለው ግራስ ደርቆ አሸዋ የገባበት ያህል ይንኮሻኮሽ ነበር። ባለቤቱ ኩሽኔታውን ተቀብሎ ራሱ ሁለት ሦስት ጊዜ አዞረውና ሂሳቡን ሳይከራከር ከፈለ። እኔም ከዚያ ወዲህ የወለቀውን ዕቃ ሁሉ ለባለቤቱ ሳላሳይ አልጥልም።

ቺንጋው ራሱ ውድ ዕቃ አይደለም። ውድ የሚያደርገው ያለበት ቦታ ነው። በፌራሪ 348 እና በኤፍ 355 ሞተሩ ከመቀመጫዎቹ በስተኋላ ስለተቀመጠና ቺንጋውም ወደ መቀመጫዎቹ ስለዞረ፣ እሱን በአግባቡ ለመቀየር ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና የኋላውን ድጋፍ አንድ ላይ ወደ ታች ማውረድ፣ ከዚያም አካሉን ከላያቸው ማንሳት ያስፈልጋል። ይህ የቀናት ሥራ ነው። ከዚያ በፊት በተሠራው 328 ሞተሩ በአግድም ስለተቀመጠ ሳይወርድ ቺንጋው ይቀየራል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በመጣው 360 ሞዴና ደግሞ ፋብሪካው ከመቀመጫዎቹ በስተኋላ መክፈቻ ስላበጀለት ሞተሩ ካለበት ሳይነቃነቅ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኤፍ 430 ጭራሹን በሰንሰለት የሚሠራ በመሆኑ ይህ ወጪ የለበትም። አንድ ዓይነት አርማ የለጠፉ፣ ተከታትለው የተሠሩ አምስት መኪናዎች በአንድ ሥራ ላይ ይህን ያህል ይለያያሉ። የትኛውን ሞዴል ልግዛ ብሎ ለሚያመነታ ሰው የፈረስ ጉልበቱን ከማወዳደሩ በፊት ይህን ቢያነጻጽር ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

አንዴ ሞተሩ ከወረደ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ምን እንቀይር የሚለው ነው፤ ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ለማውረዱና ለመመለሱ የሚከፈለው የሥራ ሰዓት ስለማይቀር፣ የውሃ ፓምፑን፣ የማወጠሪያ ኩሽኔታዎቹን፣ የውሃና የቤንዚን ቱቦዎቹን፣ ዘይት የሚይዙትን የጎማ ቀለበቶችና የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮኖችን በዚያው ማደስ ብልህነት ነው። ለመቆጠብ ብሎ አሮጌውን የውሃ ፓምፕ የመለሰ ሰው፣ በዓመቱ ፓምፑ ማንጠባጠብ ሲጀምር ያንኑ የሥራ ሰዓት እንደገና ይከፍላል። የዚህ ሥራ የመጨረሻ ሂሳብ መጀመሪያ ከተነገረው እጥፍ ሆኖ ሲመጣ ባለቤቱ ተታለልኩ የሚለው ብዙውን ጊዜ ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። ፍሪሲዮኑ ግን በዚህ ውስጥ አይገባም፤ በኤፍ 355 ከካምቢዮው ጀርባ ስለሚገኝ ሞተር ሳይወርድ ይደረስበታል።

የኤፍ 355ን የራሱን ሕመሞችም ልንገርዎ። የመጀመሪያው ከቴስታታው የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ማርሚታ የሚያስተላልፈው ማኒፎልድ መሰንጠቁ ነው። ቧንቧዎቹ በሙቀት መከላከያ ስለተሸፈኑ ስንጥቁ በዓይን አይታይም፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሳ ከአንድ ጎን እንደ ሰዓት የሚቆጥር «ቲክ፣ ቲክ» የሚል ድምፅ ከሰሙና ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ከጠፋ ይጠርጥሩ። ሁለተኛው የቫልቭ ማቀፊያዎቹ፣ ማለትም ቫልቮቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች፣ መበላት ነው፤ በቀደሙት ኤፍ 355ዎች ማቀፊያዎቹ የተሠሩት ከነሐስ ስለሆነ ቀስ በቀስ ይሰፋሉ፣ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ያሳልፋሉ፣ ሰማያዊ ጭስም ይወጣል። ይህን ለማስተካከል ቴስታታዎቹ መውረድ አለባቸው። የቀድሞው ባለቤት ይህን አሠርቶ ከሆነ ደረሰኙ ለሻጩ የኩራት ምንጭ ስለሚሆን ሳይጠየቅ ያሳይዎታል፤ ዝም ካለ ግን እርስዎ ይጠይቁት። ከመግዛትዎ በፊት የሲሊንደር መጭመቂያ ኃይል ብቻ ሳይሆን የአየር ማምለጥ ምርመራም እንዲደረግ አጥብቀው ይሟገቱ። በዚህ ምርመራ እያንዳንዱ ሲሊንደር በተጨመቀ አየር ይሞላና ስንት በመቶው እንደሚያመልጥ ይለካል። ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ከ20 በመቶ ካለፈ ደግሞ አየሩ በየት በኩል እንደሚያመልጥ ጆሮን ሰጥቶ መፈለግ ያስፈልጋል፦ በማርሚታ በኩል ከተሰማ ቫልቭ ነው፣ በዘይት መሙያው ከተሰማ የፒስተን ቀለበት ነው።

ስለ መለዋወጫ ጥቂት ልበል። ኤፍ 355 በሁሉም ዓይነቶቹ ተደምሮ የተመረተው 11 ሺህ ያህል ብቻ ነው። በሚሊዮን ለሚመረት የቤተሰብ መኪና በርካታ አምራቾች ተወዳድረው ዕቃ ይሠራሉ፤ ለ11 ሺህ መኪና ግን የሚወዳደር ስለማይኖር ዋጋውን የሚወስነው ዕቃው ያለው ሰው ነው። ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራና ማጣሪያ ዛሬም በቀላሉ ይገኛሉ። የሚያሳስበው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኑ፣ የክሩስኮቱ ቆጣሪ፣ የመብራቱ መስታወትና የአካሉ ክፍሎች ናቸው፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚገኙት ከተጋጨ መኪና ተፈትተው ወይም በልዩ ባለሙያ ታድሰው ነው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ጎድሎት «ቀላል ነው፣ ታገኘዋለህ» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት፣ ዕቃውን ራሱ አግኝቶ እንዲያስገባው ይጠይቁት።

እንደ ትንሽ ነገር ተቆጥረው የሚታለፉም አሉ። በእነዚያ ዓመታት ፋብሪካው የመስኮትና የአየር ማስተካከያ ቁልፎችን የቀባበት ለስላሳ ሽፋን በዘመን ብዛት ይሟሟና እንደ ሙጫ ጣት ላይ ይጣበቃል። ይህ መኪናውን ከመንገድ አያስቀርም። የቤንዚን ቱቦ ግን እንደዚያ አይደለም፤ በጋለ ሞተር ላይ የሚያልፍ የደረቀ ቱቦ አንድ ቀን ካንጠባጠበ መኪናው በእሳት ሊያልቅ ይችላል። በአሮጌ የስፖርት መኪና ላይ ከሁሉ አስቀድሜ የማስቀይረው ይህንኑ ነው፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ከባለቤቶች ጋር ብከራከርም አላፍርም። ጎማዎቹንም በጥርሳቸው ጥልቀት ብቻ አይመዝኑ። በጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር ያገኛሉ፤ 2316 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2016 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ይመርመር፤ አሥር ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይውጣ። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት።

አሁን ወደ ዓመታዊው ሂሳብ እንምጣ። የወጪው ዓመታዊ አማካይ ብቻውን ያሳስታል፤ ወጪው እኩል እየተከፋፈለ አይመጣምና። ሁለት ዓመት ዘይት ቀይረው በሰላም ይነዳሉ፤ በሦስተኛው ሞተሩ ሲወርድ የሦስቱ ዓመት ወጪ በአንድ ቀን ይቀርብልዎታል። ስለዚህ እንዲህ አድርገው ያስሉት፦ ሞተሩን የማውረዱን ሥራ ሙሉ ዋጋ፣ አብረው ከሚታደሱት ዕቃዎች ጋር፣ ሞዴሉን ከሚያውቅ ጋራዥ በጽሑፍ ይቀበሉና ለሦስት ያካፍሉት። የአራቱን ጎማ ዋጋ ለስድስት ያካፍሉ። የዓመቱን የዘይትና የማጣሪያ ለውጥ፣ የመድን ክፍያውን፣ የፍሬን ዘይቱን ግማሽ ዋጋ ይጨምሩበት። በዚህ ሁሉ ላይ ላልታሰበ ብልሽት የድምሩን ግማሽ ያህል ይደርቡ። የሚያገኙት ቁጥር በየዓመቱ፣ ምንም ባይበላሽም እንኳ፣ ሊያስቀምጡት የሚገባው ገንዘብ ነው። መኪናውን ሲገዙ ደግሞ ኪስዎ ባዶ ሊሆን አይገባም፤ ከመግዣው ዋጋ ቢያንስ አንድ አምስተኛው ለመጀመሪያው ዓመት ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ይህን ማስቀመጥ ካልቻሉ መኪናው ለእርስዎ ገና አልደረሰም።

የእርስዎን ጉዳይ በሚመለከት ሻጩ ሁለት ምርጫ አለው፤ ቺንጋውን አስቀይሮ ደረሰኙን ማቅረብ፣ አለበለዚያ የሥራውን ሙሉ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ መቀነስ። ሁለተኛውን ከመረጠ መኪናውን ራስዎ ነድተው ወደ ቤትዎ አይውሰዱት፤ በመኪና ላይ አስጭነው በቀጥታ ወደ ጋራዥ ያስገቡት።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2001 የተሠራ ፖርሽ 911 ካሬራ አለኝ። አንድ መካኒክ የሞተሩ የመሐል ዘንግ ኩሽኔታ ሳይሰበር አሁኑኑ ካልተቀየረ ሞተሬ ሊያልቅ እንደሚችል ነግሮ አስደነገጠኝ። መኪናው ምንም ችግር የለበትም። ልመነው?
የተደናገጠ

መልስ፦ መካኒኩ የነገረዎት ችግር እውነት ነው፤ አስቸኳይነቱ ላይ ግን ልዩነት አለኝ። የእርስዎ መኪና በሚመደብበት በ996 ትውልድ ካሬራዎችና በዚያው ዘመን በተሠሩ ፖርሽ ቦክስተሮች የመሐሉን ዘንግ፣ ማለትም የክራንክሻፍቱን ዙረት ወደ ካምሻፍቶቹ የሚያስተላልፈውን፣ የሚሸከመው ኩሽኔታ ከተሰበረ ብረቱ በሞተሩ ውስጥ ይበተናል፤ ያን ጊዜም ሞተሩን ማትረፍ እምብዛም አይቻልም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተገጠመው ባለ ሁለት ረድፍ ኩሽኔታ ከኋለኛው ባለ አንድ ረድፍ ይልቅ ጠንካራ ነበር፤ የእርስዎ መኪና የወጣው ባለ አንድ ረድፉ በገባበት ዘመን ስለሆነ ጥንቃቄው ለእርስዎ ይገባል። የዚያን ዘመን ቱርቦና ጂቲ 3 ግን ሞተራቸው ሌላ ስለሆነ ከዚህ ሕመም ነፃ ናቸው።

ኩሽኔታው ላይ ለመድረስ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ መውረድ አለባቸው። ስለዚህ ፍሪሲዮንዎ ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያሠሩ፤ የሚከፍሉት የሥራ ሰዓት ያው አንዱ ነው። ፍሪሲዮንዎ ገና ከሆነ ግን ዘይት በተቀየረ ቁጥር የወጣው የዘይት ማጣሪያ ተቀድዶ በፊትዎ ይዘርጋ። በወረቀቱ እጥፋት መካከል የሚያብለጨልጭ የብረት ቅንጣት ከታየ መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ሥራውን ያስጀምሩ፤ ንጹሕ ከሆነ እስከሚቀጥለው የዘይት ለውጥ በተረጋጋ መንፈስ ይንዱ።

ጥያቄ፦ መሪው ላይ ባሉ ማንሻዎች ማርሽ የሚቀይር ፌራሪ 360 ልገዛ አስቤያለሁ። ፍሪሲዮኑ ቶሎ ያልቃል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እንደ አነዳዱ ነው። ይህ ካምቢዮ ፍሪሲዮኑን የሚያዘው በዘይት ግፊትና በኮምፒውተር ይሁን እንጂ ውስጡ እንደ ማንኛውም ማንዋል ካምቢዮ ነው፤ የተለመደው አውቶማቲክ እንዳይመስልዎ። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ በቀስታ እየተሳበ የሚሄድ፣ በተለይም በዳገት ላይ ወደ ኋላ ለመግባት የሚታገል አሽከርካሪ በአጭር ጊዜ ያቃጥለዋል፤ በክፍት መንገድ የሚነዳው ለብዙ ዓመታት ይጠቀምበታል። ደግነቱ የመኪናው ኮምፒውተር የፍሪሲዮኑን መበላት በመቶኛ ስለሚመዘግብ ተስማሚ መመርመሪያ ያለው ጋራዥ በደቂቃዎች ውስጥ ያነብልዎታል። ያንን ቁጥር በጽሑፍ ሳይቀበሉ በዋጋ አይስማሙ።

ጥያቄ፦ ያለኝን አሮጌ የስፖርት መኪና ወጪ ለመቀነስ ስል በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ነው የምነዳው። በተረፈ በየሳምንቱ እዚያው ባለበት ለአምስት ደቂቃ አስነስቼ አጠፋዋለሁ። ጥሩ አድርጌያለሁ?

መልስ፦ ሐሳብዎ ለመኪናው ከማዘን የመጣ ስለሆነ ይህን ስል አዝናለሁ፤ ነገር ግን የአምስት ደቂቃው ማስነሳት ከነጭራሹ ካለማስነሳት የባሰ ነው። ሞተር ቤንዚን ሲያቃጥል ውሃም ይፈጥራል፤ ሞተሩ በደንብ ሳይግል ከጠፋ ያ ውሃ በዘይቱና በማርሚታው ውስጥ ይቀራል፣ ዘይቱን ያበላሻል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። ባትሪውም ለማስነሳት ያወጣውን ኃይል በአምስት ደቂቃ አይመልስም።

በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ መኪናውን አውጥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ይንዱት። የውሃው ሙቀት መለኪያ መሐል ላይ ሲደርስ ሞተሩ ግሏል ብለው አይቸኩሉ፤ ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፤ በተለይ ብዙ ዘይት በሚይዙ መኪናዎች ልዩነቱ ብዙ ነው። የዘይቱ መለኪያ እስኪነሳ ድረስ ሞተሩን አያስጩኹት፤ ከተነሳ በኋላ ግን ማርሾቹን ሁሉ ይጠቀሙ፣ ፍሬኑንም ጥቂት ጊዜ ጠንከር አድርገው ይያዙ፤ በዲስኮቹ ላይ የተቀመጠው ዝገት የሚጠረገው እንዲህ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚያቆሙት ከሆነ ደግሞ ጭራሹን አያስነሱት፦ ዘይቱን ቀይረው፣ የቤንዚኑን ታንከር ሞልተው፣ የጎማውን አየር በጥቂቱ ጨምረው፣ ባትሪውን ኃይሉን ጠብቆ ከሚያቆይ ቻርጀር ጋር ያገናኙትና የእጅ ፍሬኑን ለቀው በጎማዎቹ ሥር ማገጃ ያስገቡ።